የፔጆዋ የእጅ ፍሬን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ስለ ምላሴ፣ ስለ ትዕቢቴ፣ ስለሻርኳቸው ጾሞች ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለ አንድ የእጅ ፍሬን ግን ትንፍሽ አላልኩም። እንዴትስ ብዬ ልናገር? «አባቴ፣ የመኪና ፍሬን ያዝኩ፤ ከዚያ ፈታሁት» ብላቸው «ታዲያ ምኑ ነው ኃጢአቱ ልጄ?» ይሉኛል። ኃጢአቱ እንዲታይ ዛፉን፣ ግቢውን፣ መኪናዋንና ሰዎቹን በቅደም ተከተል ማስረዳት አለብኝ። ማስረዳት ደግሞ ሙያዬ ነው። ሆኖም ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አንድ ነገር ለራሴ እንኳ ማስረዳት አቃተኝ። እስቲ ለእርስዎ ልሞክር፤ መሐል ላይ ከጠፋብኝ ይታገሱኝ።

የምሠራው ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ በነርሶች ማሠልጠኛ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ስለ ጥላ መናገር ይኖርብኛል። እዚህ ከተማ ጠዋት ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ስድስት ሰዓት ላይ መሪዋ አይጨበጥም። ሰው እርጥብ ፎጣ ይዞ ይገባባታል፤ ወይም አራቱንም በር ከፍቶ ውጭ ቆሞ እስክትበርድ ይጠብቃታል። ስለዚህ በእኛ ግቢ የመኪና ማቆሚያ ጠብ የቦታ ጠብ አይደለም። ቦታማ ሞልቷል፤ ከአስከሬን ክፍሉ ጀርባ ያለው ሜዳ ባዶውን ነው የሚውለው። ጠቡ የጥላ ነው። ጥላ ያለው ደግሞ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ብቻ ሲሆን፣ ከፊት አራት፣ ከኋላ አራት መኪና ያስቆማል።

ሐኪሞቹ «ሌሊቱን የምናድረው እኛ ነን፤ ጥላው ለእኛ ይገባል» ይላሉ። የቢሮ ሰዎች «ግቢውን የምናስተዳድረው እኛ ነን» ይላሉ። በሌላው ሁሉ ሲጣሉ ውለው በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ አስተማሪዎች እንግዶች ናቸው፤ እንግዳ ደግሞ ከአስከሬን ክፍሉ ጀርባ ያቁም።

ይህን ሁሉ ጠብ በልክ አድርገው የያዙት ጋሽ ኢብሮ ነበሩ። የበሩ ጥበቃ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ያለችው የዋሂል ሰው፣ ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሳቃቸው ቅርብ። ከሐኪሙ ጋር በአማርኛ፣ ወተት ከሚያመጡት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ፣ ከባጃጅ ሾፌሮቹ ጋር በሶማልኛ ይቀልዳሉ። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የትም አልተጻፈም። ከኋላ ረድፍ የሚያቆም ሰው መኪናዋን ፍሪ ላይ ትቷት ይሄዳል፤ ማርሽ አያስገባም፣ የእጅ ፍሬን አይዝም። የፊቱ ሰው መውጣት ሲፈልግ ጋሽ ኢብሮ የኋላዋን መኪና በትከሻቸው ገፋ አድርገው መንገድ ይከፍቱለታል። በቃ። ባለቤቱን በስልክ ማሳደድ የለ፣ በየክፍሉ መፈለግ የለ።

መጀመሪያ ቀን ሲያስረዱኝ «አማና ነው አቦ» አሉኝ። «ፍሬንህን ካልያዝክ እኔን አምነኸኛል ማለት ነው። እኔን ካመንክ ደሞ እኔ አለሁ።»

እኔ ግን ሥርዓት የምወደው ወረቀት ላይ ሲሆን ነው። በተቀጠርኩ በስድስተኛው ወር ሦስት ገጽ ረቂቅ አዘጋጀሁ፤ «የጥላ ሥር ማቆሚያ አጠቃቀም መመሪያ» የሚል። በሦስት ቀለም የተሠራ ካርታ ነበረው። በየቦታው ቁጥር ሰጠሁ፤ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አስተዳደርና አስተማሪዎች በየሳምንቱ የሚፈራረቁበት ሠንጠረዥ አወጣሁ። ስብሰባ ላይ ቆሜ ሳነበው፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሲስተር መዲና እጇን አወጣች። ሲስተር መዲና የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሰመመን ሰጪ ናት፤ በሥራዋ የምትከበር፣ በቀልዷ የምትፈራ።

«አቦ ቲቸር፣ ጥላውንም በአቴንዳንስ ልታድለው ነው? የቀረ ሰው ወላጅ ያመጣል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው አቶ ታምሩ እንባቸውን እየጠረጉ «እናየዋለን» አሉ፤ በእሳቸው ቋንቋ «አናየውም» ማለት ነው። እኔም ሳቅኩ። ሲስቁብኝ አብሬ እስቃለሁ፤ ይህን ልማዴን ልብ ይበሉልኝ።

ቅዳሜ ጠመኔ ይዤ ሄጄ የኒሙ ሥር ጠርዝ ድንጋዮች ላይ ቁጥሮቹን ጻፍኳቸው። ማን ፈቀደልኝ? ማንም። ከፊት ረድፍ ሦስት ቁጥርን በልቤ ለራሴ አደረግኳት፤ ከሰዓት በኋላም ጥላው የማይለቃት እሷን ነው። ጋሽ ኢብሮ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «ቁጥሩስ ያምራል» አሉ። «ጥላው ግን ማንበብ አይችልም።»

አሁን ወደ ሰኞው ልምጣ። ሚያዝያ ነበር፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሆን አየሩ ፊት ይለበልባል። ፔጆዬን እያንገጫገጭኩ ገባሁ። ፔጆዋ አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የሠራባት ናት፤ ዓይኑ ሲደክም ለእኔ ሰጠኝ። ሦስት ቁጥር ላይ የሲስተር መዲና መኪና ቆማለች። ከጠመኔው ጽሑፍ ግማሹ ጎማዋ ሥር ገብቷል። ከእሷ ኋላ አቆምኩ።

ጋሽ ኢብሮ ቅጠል እየጠረጉ ነበር፤ ላባቸው አንገታቸው ላይ ይወርዳል። «ፍሪ አርጋት እሺ ቲቸር?» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ከዚያ የምጠጣባትን የውኃ ላስቲኬን ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰኞ ነው» አሉኝ። ገባኝ። ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ ሙስሊሞች አሉ፤ ግዴታ አይደለም። የሚጾም ሰው ደግሞ ጾመኛ ነኝ ብሎ አያወራም፤ ካወራው ለአላህ መሆኑ ቀርቶ ለሰው ይሆናል ይላሉ። ለእኔ የነገሩኝ ውኃ ስለዘረጋሁ ብቻ ነው። ያቺን የውኃ ላስቲክ አደራ፣ አይርሷት። እመለስባታለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው የሚጠፋብኝ።

የዚያች ፔጆ የእጅ ፍሬን እንደ ዛሬ መኪኖች ከመቀመጫው አጠገብ አይደለም። ከመሪው ሥር ናት፤ እንደ ጃንጥላ እጀታ የተቆለመመች። ሲስቧት ትይዛለች፤ ጠምዘዝ አድርገው ሲገፏት «ጠቅ» ብላ ትለቃለች። ውጭ የቆመ ሰው እጅዎ ምን እንደሚሠራ አያይም። ያን ጠዋት ያቺን እጀታ ሳብኳት። ይህ እርግጥ ነው። ለምን ሳብኳት?

ሁለት ትዝታ አለኝ፤ ሁለቱም የእኔ ናቸው። በአንደኛው አጎቴ መንዳት ሲያስተምረኝ «ፔጆን ያለ ፍሬን አትመናት» ያለኝ ቃል ከእጄ ውስጥ ወጥቶ፣ ሳላስበው፣ እንደ ልማድ ሳብኳት። በሁለተኛው ግን ዓይኔ በመስታወቱ አልፎ ከሲስተር መዲና ጎማ ሥር የተጨፈለቀችውን የእኔን «3» ያያል፤ ጆሮዬ ውስጥ «ወላጅ ያመጣል?» የሚለው ሳቅ አለ፤ እጄም ቀስ ብሎ፣ እያወቀ፣ ይስባታል። የትኛው ነው እውነቱ? አንዳንድ ቀን የመጀመሪያው ነው ብዬ እምላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስስባት ትንሽ ፈገግ ማለቴን ፊቴ ያስታውሰዋል። ተማሪ ቢሆን «አንዱን ምረጥ» እለው ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም እያከበብኩ ሦስት ዓመት ኖርኩ።

ክፍል ገባሁ። የዕለቱ ትምህርት መርፌ አወጋግ ነበር፤ ተማሪዎቹ ብርቱካን ላይ ይለማመዳሉ። በእኔ ክፍል ስልክ ክልክል ነው፤ የተማሪዎቹንም የራሴንም ሰብስቤ መሳቢያ ውስጥ እቆልፋለሁ። አራት ሰዓት ገደማ መሳቢያው አንዴ ነዘረ። ቆየት ብሎ ደጋግሞ ነዘረ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ስልክ» አለችኝ። «ሕግ ሕግ ነው» አልኳት፤ ብርቱካኔንም ወጋሁ።

ታች የሆነውን በኋላ ከሰው ሰማሁ። የሲስተር መዲና አባት የሳንባ ሕመምተኛ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ያለ ኦክስጅን ውለው አያድሩም። የተሞላው ሲሊንደር መኪናዋ ኋላ ተጭኖ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ልታደርስላቸው። አራት ሰዓት ላይ ከቤት ተደወለላት፤ ቤት ያለው ሲሊንደር ሊያልቅ ነው። በቀዶ ሕክምና ልብሷ ሮጣ ወረደች። ከኋላዋ የእኔ ፔጆ።

ጋሽ ኢብሮ ገፉ። አልተንቀሳቀሰችም። በትከሻቸው ገፉ፤ በጀርባቸው ገፉ። «ፍሬን ይዛለች ልጄ» አሏት። «እንዴት ትይዛለች? አንተ አይደለህም እንዴ ፍሪ የምታስደርገው?» እያለች ጮኸች። አራት ጊዜ ደወሉልኝ። በመጨረሻ ያን የብረት ሲሊንደር ተሸክመው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ፀሐይ፣ እስከ በሩ ሄደው ባጃጅ ላይ ጫኑላት። ባጃጁ ሲነሳ እንዲህ አለቻቸው፦ «አባቴ አንድ ነገር ቢሆን አላህ ፊት እጠይቅሃለሁ!»

አባቷ ተረፉ። ኦክስጅኑ ደረሰ፤ ዛሬም በሕይወት አሉ። ይህን የምናገረው ታሪኩን ለመጨረስ ነው ወይስ ራሴን ለማቅለል? አላውቅም። «ማንም አልሞተም» እያልኩ ስንት ሌሊት እንደተኛሁ ግን አውቃለሁ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት ነው። በደሉ ገና ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ መሳቢያውን ስከፍት ከጋሽ ኢብሮ አራት ያመለጡ ጥሪዎች አየሁ። ስወርድ ኒሙ ሥር ሰው ተሰብስቧል፤ አቶ ታምሩ፣ ሁለት የአምቡላንስ ሾፌሮች፣ ከቤት የተመለሰችው ሲስተር መዲና፣ መሐል ላይ ጋሽ ኢብሮ።

«ቲቸር» አሉ አቶ ታምሩ፣ «ፍሬን ይዘህ ነው የሄድከው?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። አዎ። ተማሪዎቼ በሁለት ሰከንድ የሚመልሱት ጥያቄ ነው። እኔ ግን «እስቲ ልያት» አልኩ።

በሩን ከፈትኩ። ተቀመጥኩ። መቀመጫው ሱሪዬን አልፎ አቃጠለኝ። ሰዎቹ በመስታወቱ ውስጥ ፊቴን ያያሉ፤ ፊቴ ማርሹን ያያል፤ እጄ ግን ከመሪው ሥር ገባ። ጠምዘዝ አደረገ። ገፋ። ጠቅ።

እጄ ነው የምለው፤ እኔ ነኝ ማለት ስለሚከብደኝ። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ጠምዘዝ ያደረግኩት። ጠዋት ለምን እንደሳብኳት ሁለት ትዝታ አለኝ ብያለሁ፤ ቀን ለምን እንደለቀቅኳት ግን አንድ ብቻ ነው ያለኝ። እንደገና እንዳይስቁብኝ ነው። ሥርዓት ሰባኪው፣ ባለ ሦስት ቀለም ካርታው፣ ያልተጻፈችውን አንዲት ሕግ የሚያፈርስ ሆኖ እንዳይገኝ።

ወጣሁና «ይሞክሯት» አልኩ።

አቶ ታምሩ በአንድ መዳፍ ገፋ አደረጓት። ፔጆዋ እንደ ሕፃን ጋሪ ተንሸራተተች። ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ ልማዴን ነግሬዎታለሁ።

«ጋሽ ኢብሮ፣ ጉልበቱ የት ሄደ?» አለ አንዱ ሾፌር። «ከጠዋቱ ነው የጀመርከው?» እያለ ጉንጩን በጣቱ ነካ፤ ጫት ማለቱ ነው።

«መርቅነህ ነበር?» አለች ሲስተር መዲና። ያን ጊዜ አልጮኸችም። ድምፅዋ ደክሞ ነበር። «አባቴ ትንፋሽ እያጠረው አንተ መርቅነህ ነበር?»

«ወላሂ ይዛ ነበር» አሉ ጋሽ ኢብሮ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን አላዩም፤ ቀኝ እጄን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሰኞ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ያልቀመሱ ሰው ጫት ቃሙ ተብለው ሲሰደቡ፣ ጾመኛ መሆናቸውን የሚያውቅ በዚያ ግቢ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያቺ የውኃ ላስቲክ አሁንም ግራ እጄ ላይ ነበረች። እሳቸው ጾመኛ ነኝ አይሉም፤ አይሉማ። እኔ ማለት እችል ነበር። ስለ ፍሬኑ እንኳ ሳልናገር «ዛሬ ጾመኛ ናቸው፤ ጫቱንስ ተዉት» ማለት እችል ነበር። ሁለት እውነት በአፌ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱንም ዋጥኳቸው። እሳቸው ለምን ዝም እንዳሉ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል። ወጣት ነው ብለው? ወይስ እሱ ራሱ ይናገራል ብለው ጠበቁኝ?

በወሩ መጨረሻ ኮንትራታቸው አልታደሰም። ደብዳቤው «ኃላፊነታቸውን በአግባቡ ባለመወጣታቸው» ይላል። ቁልፋቸውንና ካፖርታቸውን አስረክበው ወደ ዋሂል ሄዱ ተባለ።

ይበልጥ የሚያደናግረኝን ልንገርዎ። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራና እንዲህ ያለ አደጋ እንዳይደገም ተብሎ የእኔ መመሪያ ጸደቀ። ሦስቱም ገጽ። የጠመኔው ቁጥር በነጭ ቀለም ተቀባ። ሲስተር መዲና ራሷ ተነሥታ «ቲቸር፣ ያን ቀን ስቄብህ ነበር፤ አንተ ነህ ልክ» አለችኝ። አስተማሪዎችም ጥላ አገኘን። ለእኔ ሦስት ቁጥር ደረሰችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየተራዬ እዚያች ላይ አቆማለሁ፤ መሪዬ ይጨበጣል። መመሪያው ደግሞ ጥሩ ነው፤ እውነት ጥሩ ነው፤ ጠቡ ቀንሷል። በጎ ነገር ከእንዲህ ያለ ቦታ ይበቅላል? በቅሏል ብል ራሴን ማጽደቅ ነው፤ አልበቀለም ብል ውሸት ነው።

ባለፈው ወር የስልክ ቻርጀር ልገዛ ታይዋን ወደሚባለው የከተማችን ገበያ ሄድኩ። መንገዱ በሰውና በባጃጅ ተጨናንቋል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ምልክት እየሰጡ ከአንድ ጭነት መኪና ኋላ አስገቡኝ። ፊታቸውን ያየሁት ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

«አቦ ቲቸር! አለህ እንዴ?» አሉኝ። ትከሻቸውን ሰጡኝ። እናቴን ጠየቁኝ፣ አጎቴን ጠየቁኝ፣ «አገባህ ወይስ ገና ሠንጠረዥ እያወጣህ ነው?» ብለው ሳቁ። ከመጡ ዓመት እንዳለፋቸው፣ ከሱቆቹ በር ላይ መኪና እንደሚጠብቁ ነገሩኝ። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው፣ ምንም እንዳልሆነ። እኔም ልቤ ቀለለ። ምናልባት አልገባቸውም ነበር፣ ምናልባት ያን ቀን እጄን ያዩት በአጋጣሚ ነው አልኩ። በሩን ቆልፌ ልሄድ ስል መዳፋቸውን የፔጆዋ ኋላ ላይ አሳርፈው ገፋ አደረጓት። ተንቀሳቀሰች። መልሰው አቆሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬ አልያዘችም» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም። ፈገግታም አልነበረበትም። ለሌላ ሾፌር ምልክት ሊሰጡ ዞሩ፤ እኔ እዚያው ቆምኩ። አሁን ንገራቸው፣ አሁን፣ እያልኩ ቆምኩ። ከዚያ ቻርጀሬን ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ጠርቶልኛል። ሦስት ዓመት የፈራሁት ለጋሽ ኢብሮ መንገርን ነበር፤ ጋሽ ኢብሮ ግን የሚነገራቸው የላቸውም። ከመጀመሪያይቱ ሰዓት ጀምሮ ያውቃሉ። የማታውቀው ሲስተር መዲና ናት። አሁንም የበሩ ጥበቃ ነገር ሲነሣ «ያ መርቃኝ ሽማግሌ አባቴን ሊገድልብኝ» ትላለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣለሁ። አላህ ፊት እጠይቅሃለሁ ብላቸዋለች፤ የተሳሳተ ሰው ይዛ እንዳትጠይቅ መንገር ያለብኝ እሷን ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ወደ ሌላ ሰው ከመድረሱ በፊት በእሷ እጅ ይገባል። ነገ ጠዋት፣ ኒሙ ሥር፣ ከሦስት ቁጥር አጠገብ እሰጣታለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታ ብጠይቅ ስለ አጎቴ ልማድ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ወጣትነቴ ማስረዳት እጀምራለሁ፤ እኔ ካስረዳሁ ደግሞ ነገሩ ያምራል፤ እንዲያምር አልፈልግም። ለምን እንደያዝኩ አሁንም አላውቅም። የማውቀውን ብቻ ልጻፍ።

ሲስተር መዲና፣ ያን ሰኞ ጋሽ ኢብሮ ጾመኛ ነበሩ። ፍሬኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። የፈታሁትም እኔ ነኝ።